ግፊት አያምም፣ ዋጋው ግን ያማል

ሐዋሳ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር መታጠፊያው ላይ፣ አንድ ትንሽ ፋርማሲ አለ። ማታ ከሥራ ስመለስ ብቅ እላለሁ። ባለሙያው የድሮ ወዳጄ ነው። ባለፈው ክረምት እዚያ ቆመን ስናወራ አንዲት ጎረቤታችን ገቡ። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው፤ እኔም እማማ ልበላቸው። ዝናቡ ነጠላቸውን አርሶታል። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የተጠቀለለ ብር አወጡ። ከዚያ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ዘረጉ። አምሎዲፒን፣ 5 ሚሊ ግራም፣ 30 ፍሬ። የደም ግፊት መድኃኒት ነው። በቀን አንድ ይዋጣል።

«ስንት ነው ልጄ?»

ነገራቸው። ብሩን ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።

«እንግዲያው አንዱን ስትሪፕ ብቻ ስጠኝ። የቀረውን ልጁ ሲልክልኝ እወስዳለሁ።»

አሥር ፍሬ ይዘው ወጡ። ወዳጄ ሒሳቡን እየመዘገበ፣ ቀና ሳይል፣ «ከሃያ ቀን በፊት አይመለሱም» አለኝ። «አንድ ቀን እየዘለሉ ነው የሚውጡት። 'አያመኝም እኮ' ይሉኛል።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እማማ የጤና መድህን አባል ናቸው። ደብተራቸው ታድሷል፣ መዋጯቸው ተከፍሏል። የዚያን ቀን ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደው፣ ተሰልፈው፣ ታይተዋል። ካርዱም ምርመራውም በመድህን ነው። መጨረሻ ላይ መድኃኒት መስጫው መስኮት ጋ ሲደርሱ «የለም፣ ከውጪ ይግዙ» ተባሉ። በቃ።

እንግዲህ «እማማ መድህን አላቸው ወይስ የላቸውም?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ «አላቸው» ነው። መዝገብ ላይም እንደዚያ ነው የሚጻፈው። የደም ሥራቸው ግን መዝገብ አያነብም።

ብዙዎቻችን መድህንን እንደ መብራት እናየዋለን፤ ወይ አለ ወይ ጠፍቷል። እኔ ግን ከልብስ ስፌት ጋር ነው የሚመሳሰልብኝ። ጨርቁ አንድ ዓይነት ቢሆንም አቆራረጡ ነው የሚያሞቀውንና የማያሞቀውን የሚለየው። ክፍያው የት ቦታ ላይ ተቀመጠ? ማን ቀድሞ ይከፍላል? ጣሪያው የማን ነው? ሐኪሙስ በምን ይከፈለዋል? እነዚህ ጥያቄዎች የቢሮ ወሬ ይመስላሉ። ውጤታቸው ግን ሰው ሐኪም ቤት ከመሄዱና ካለመሄዱ አልፎ ሰውነት ላይ ይታያል።

ከምናውቀው ልጀምር፤ ከእድር። እድር መድህን ነው። ሁሉም በየወሩ ያዋጣል፣ ሐዘን የደረሰበት ይቀበላል። ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይመጣል፣ ገንዘቡ ይሰጣል። የሒሳብ ምሁር ሳይቀጠርለት፣ አንድ ሰብሳቢ፣ አንድ ገንዘብ ያዥና አንድ ደብተር ይዞ ሲሠራ የኖረ ነገር ነው። እንዴት ቻለ? አንዱ ምክንያት ሞት የማይጭበረበር መሆኑ ይመስለኛል። «እድር አለኝ» ብሎ ቶሎ የሚሞት ሰው የለም። ለቀስተኛው እየበዛ የሚያስቸግር እድር ይኖር ይሆናል፤ ሟቹ ግን በመዋጮው ምክንያት አይበዛም።

ሕመም እንደዚያ አይደለም። ወገቤን ያዘኝ፣ ራሴን አዞረኝ፣ ሳል አልለቀቀኝም። ዛሬ ልሂድ ወይስ ነገ የሚባል ነገር አለው። ነፃ ከሆነ እሄዳለሁ። ካስከፈለኝ ዳማከሴ ጨምቄ ጠጥቼ እተኛለሁ። ስለዚህ ሕክምናን ነፃ ስታደርግ ሰው ይበዛል። የመድህን ሰዎች ይህን ይፈራሉ። «ነፃ ካደረግነው ላልተቸገረበትም ይመጣል፤ ካዝናው ባዶ ይቀራል» ይላሉ። መድኃኒታቸውም የታወቀ ነው፤ በር ላይ ትንሽ አስከፍሉት።

ሌላም ፍርሃት አለ፤ እድርም ያውቀዋል። እናቱ አልጋ ከያዙ በኋላ እየሮጠ እድር የሚገባ ሰው አለ። ለዚህ ነው መግቢያ የሚባለው ነገር ያለው፤ ብዙ ቦታም አዲስ አባል የተወሰነ ወር ሳይሞላው አይሸፈንም። ጤናም ላይ ያው ነው። የታመመ ብቻ ተሰብስቦ የሚያዋጣበት ማኅበር አይቆምም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህናችን አባልነቱን በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ያደረገው ለዚህ ነው። «ለታመመችው ልጄ ብቻ ልክፈል» ማለት አይቻልም። ምዝገባና እድሳት ጊዜ የሚቆረጥለትም ለዚሁ ነው። ሰው «ሲያመኝ እገባለሁ» እንዳይል።

ይህ መድህን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ነው በሙከራ የተጀመረው። ለገበሬውና ደሞዝ ለማይቆረጥለት የከተማ ሰው የታሰበ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጠው ልጅ፣ ባጃጅ የሚነዳው፣ ጉሊት የምትቸረችረው ሁሉ እዚህ ውስጥ ናቸው። መክፈል ለማይችሉት ደግሞ መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብቶ ደሞዝ ለሚወስደው የታሰበው ሌላ ነው። እሱ ማኅበራዊ ጤና መድህን ይባላል። አዋጁ፣ ቁጥር 690፣ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። 3 በመቶ ከሠራተኛው፣ 3 በመቶ ከአሠሪው ይላል። አተገባበሩ ግን በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ስንቴ «ዘንድሮ ይጀመራል» እንደተባለ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

በሙከራዎቹ ወረዳዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ አባል የሆኑ ቤተሰቦች የመንግሥት ጤና ተቋማትን ለተመላላሽ ሕክምና መጠቀማቸው ከ30 እስከ 41 በመቶ መጨመሩን አሳይቷል። አንዳንዱ ይህን ሰምቶ «አየህ፣ ነፃ ሲሆን ይበዛል» ይላል። እኔ ደግሞ በፊት ስንቱ ሰው ታሞ ቤቱ ይተኛ ነበር እላለሁ። ቁጥሩ አንድ ነው። የማን ጭንቀት እንደሚቀድም ነው የሚለየን።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው። በር ላይ ስታስከፍል የሚቀረው የትኛው ሰው ነው? ሳይታመም የሚመላለሰው ነው ወይስ እማማ?

ይህን ለማወቅ ቁጭ ብሎ መከራከር አይበቃም። ሰዎችን በዕጣ ከፋፍሎ ማየት ያስፈልጋል። ለምን በዕጣ? መድህን የገዛውንና ያልገዛውን እንዲሁ ብታወዳድር ትሳሳታለህ። የገዛው ምናልባት ቀድሞውኑ የታመመ ነው፤ ወይም ደህና ገቢ ያለው ነው። ዕጣ ከሆነ ግን ሁለቱ ወገኖች በሁሉም ነገር ይመሳሰላሉ፤ የሚለያቸው መድህኑ ብቻ ነው።

አሜሪካኖች ይህን አድርገውታል። ራንድ የሚባል የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1982 ድረስ ቤተሰቦችን በዕጣ ለያይቶ የተለያየ መድህን ሰጣቸው። ጆሴፍ ኒውሃውስ የሚባሉ የኢኮኖሚ ባለሙያ ነበሩ የመሩት። ለአንዱ ቡድን ሕክምናው ሙሉ በሙሉ ነፃ ሆነ። ሌሎቹ ከሒሳቡ 25፣ 50 ወይም 95 በመቶ እንዲከፍሉ ተደረገ። ከኪሳቸው የሚወጣው ግን በዓመት ከ1,000 ዶላር እንዳያልፍ ተገደበ፤ ለድሃ ቤተሰብ ገደቡ እንደገቢው ከዚያም ያንሳል። ይህችን ገደብ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ምን ተገኘ? 95 በመቶ የሚከፍሉት ከነፃዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ የሕክምና ወጪያቸው በ30 በመቶ ገደማ አነሰ። እስከዚህ ድረስ የፈሪዎቹ ወገን ትክክል ነው። ግን ወጪው የቀነሰው የት ነው? አንዴ ሐኪም ፊት ከቀረቡ በኋላ የሁለቱም ሕክምና ያን ያህል አይለያይም። ልዩነቱ በሩ ላይ ነው። ከፋዮቹ በሩን አልረገጡም። ነገሩ እውነት አለው። አንዴ ጋውን የለበሰው ሰው ፊት ከተቀመጥክ «ይህን አድርግ» ሲልህ እሺ ነው የምትለው። ሒሳብ የምታወጣው ቤትህ ሆነህ ነው፤ «ልሂድ ወይስ ትንሽ ልየው?» ስትል።

ቀጥሎ ያለው ነገር ነው እኔን የያዘኝ። ተመራማሪዎቹ የቀረውን ሕክምና ዓይነት አዩት። የሚጠቅመው ሕክምናም የማይጠቅመውም ቀረ፤ ያውም በተቀራራቢ መጠን። ሰው ክፍያ ሲመጣበት ትርፉን ጥሎ አስፈላጊውን አያስቀርም። ሁለቱንም ነው የሚጥለው። ለምን ቢባል፣ የቱ አስፈላጊ እንደሆነ ሐኪም ሳያየው አያውቅማ! ዋጋ ሐኪም አይደለም። አንተ ጉንፋን ነው የያዘህ፣ አንተ ደግሞ ሳንባህ ነው ብሎ አይለይም። ኪስህን ብቻ ነው የሚያየው።

ጤናስ? እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል። ለአማካዩ ሰው የከፈለውና ነፃ የታከመው በጤና ብዙ አልተለያዩም። ይህ ውጤት «እንግዲያው ማስከፈል ጉዳት የለውም» ለሚሉ ሰዎች ለዓመታት መከራከሪያ ሆኖ ኖሯል። ግን አማካይ ሰው ማለት ሐይቅ ዳር ሶምሶማ የሚሮጠው ወጣትና እማማ ተደምረው ለሁለት የተካፈሉት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው የትም የለም። ለይተው ሲያዩት ድሃ ሆነው የደም ግፊት የነበረባቸው ሰዎች ነፃ ሲታከሙ ግፊታቸው ከከፋዮቹ ይልቅ ወረደ። ከፍተኛ አደጋ ላይ የነበሩት ላይ የተሰላው የመሞት ዕድል በ10 በመቶ ገደማ ቀነሰ። የዓይንና የጥርስ ጤናም ተሻሻለ። በአማካዩ ውስጥ የተደበቁት እማማ ነበሩ።

ለምን ግፊት? ግፊት ስለማያም ነው። ጥርስ ሲያምህ ብር ትበደራለህ። ልጅ ሲተኩስ በእኩለ ሌሊት ባጃጅ ታስነሳለህ። ግፊት ግን ዝም ብሎ ነው የሚሠራው። መድኃኒቱን ስትውጥ ምንም አይታወቅህም፤ ስትተው ምንም አይታወቅህም። ስትሮክ የመጣ ቀን ነው የሚታወቅህ። ስኳርም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። የዛሬ ብር ከሩቅ አደጋ ጋር ሚዛን ላይ ሲቀመጥ የዛሬ ብር ነው የሚከብደው። እማማ ሞኝ ስለሆኑ አይደለም አንድ ቀን እየዘለሉ የሚውጡት። ማንኛችንም ብንሆን የምንሠራው ሒሳብ ነው።

«እሺ፣ ድሃ ስለሆኑ ነው እንጂ ያለው ሰው አስቦ ይመርጣል» የሚል ይኖራል። አይመርጥም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ደህና ደሞዝ የሚከፈላቸውን ሠራተኞቹን ከነፃ ሕክምና ወደ ሌላ ዓይነት መድህን አዛወረ። አዲሱ መድህን «መጀመሪያ እስከዚህ ድረስ ራስህ ክፈል፣ ከዚያ በኋላ እኔ እገባለሁ» የሚል ነው። ወጪው ከ12 እስከ 14 በመቶ ያህል ወረደ። የታሰበው ሠራተኛው እያወዳደረ ርካሹን ሐኪም ቤት ይፈልጋል ተብሎ ነበር። አልፈለገም። እዚያው ሄደ፣ ግን ቀንሶ ሄደ። የሚጠቅመውንም የማይጠቅመውንም ቀነሰ። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ እነማን እንደቀነሱ ነው። በጠና የታመሙና በዓመቱ መጨረሻ ገደቡን ማለፋቸው የማይቀርላቸው ሰዎች ሳይቀሩ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ሕክምናቸውን ቆረጡ። ሒሳቡን ለሠራው ሰው ትርጉም የለውም፤ በመጨረሻ መድህኑ መክፈሉ አይቀርማ። የዛሬዋ ክፍያ ግን ዓይን ትጋርዳለች።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ልሂድ፤ ነፃ ማድረግ ሁሉን ይፈታል ለሚሉት። ኦሪገን የሚባለው የአሜሪካ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2008 ለድሆች የሚሰጠውን ሜዲኬይድ የሚባል መድህን ለመስጠት ዕጣ አወጣ። 10,000 ቦታ ነበረው፤ 90,000 ገደማ ሰው ተመዘገበ። ግዛቱ ሳያስበው ለተመራማሪዎች ሠርግና ምላሽ ሆነላቸው። ኤሚ ፊንከልስታይንና ካትሪን ቤይከር የመሩት ቡድን ዕጣ የወጣላቸውንና ያልወጣላቸውን ተከታተለ።

መድህን ያገኙት ብዙ ታከሙ። ሐኪም ጋ ሄዱ፣ መድኃኒት ወሰዱ፣ ተኝተው ታከሙ። «መድህን ካላቸው ወደ መደበኛ ሐኪም ይሄዳሉ፣ ድንገተኛ ክፍል መጨናነቅ ያቆማል» ተብሎ ነበር። ድንገተኛ ክፍል መሄዳቸው በ40 በመቶ ጨመረ! ሪፈራል ሆስፒታል ድንገተኛ በር ላይ ዘመድ ይዞ ያደረ የሐዋሳ ሰው ይህ አይገርመውም። ሌት ተቀን ክፍት የሆነው እሱ ነው፤ ሰው ክፍት ወደሆነ በር ነው የሚሄደው።

ጤናቸውስ? በሁለት ዓመት ውስጥ በደም ግፊት፣ በኮሌስትሮልና በስኳር ልኬት ላይ ጎልቶ የሚለይ ለውጥ አልተገኘም። ይህ ማለት ለውጥ የለም ተብሎ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ በዚያ ሰው ቁጥርና በዚያ ጊዜ የሚለይ ነገር አልታየም ማለት ነው። የድብርት ችግር ግን በ30 በመቶ ያህል ቀነሰ። ቤት የሚያፈርስ የሕክምና ዕዳም ከሞላ ጎደል ጠፋ። ይህን ሁለቱን አያይዤ ነው የማያቸው። እኛ አገር ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚታመመው ቤቱ ነው። በሬ ይሸጣል፣ ወርቅ ይሸጣል፣ ዘመድ ጋ ስልክ ይደወላል። ያ ፍርሃት ከላይህ ሲነሳ እንቅልፍ ይመጣል። ግፊት መለኪያው ባያሳየውም ጥቅም ነው።

ግን ለምን ግፊቱ አልወረደም? መድህን ማለት በር ነው። ከበሩ በስተጀርባ ደግሞ ሌላ ሰንሰለት አለ። መለካት፣ መታወቅ፣ መታዘዝ፣ መግዛት፣ በየቀኑ መዋጥ፣ ተመልሶ መለካት። አንዷ ቀለበት ከተበጠሰች ቀሪው ከንቱ ነው። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ደርሶባቸው የተረፉ ሰዎችን በዕጣ ለይቶ ለአንዱ ወገን መድኃኒቱን ነፃ ያደረገ ሌላ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስዱት ጨመሩ፤ ግን ከ4 እስከ 6 መቶኛ ነጥብ ያህል ብቻ ነው። ነፃ ሆኖላቸው እንኳ በወጉ የማይወስደው ብዙ ነበር። ያም ሆኖ በጠቅላላው የደረሰባቸው የልብና የደም ሥር አደጋ ቀነሰ፤ አጠቃላይ ወጪውም አልጨመረም። መድኃኒት በነፃ ሰጥተህ ሒሳቡ ካልጨመረ፣ ካለመስጠትህ ያተረፍከው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ጣሪያው ልመለስ። ራንድ የሰጠው መድህን ላይ ጣሪያ ነበር። ጣሪያው በሽተኛው ከሚከፍለው ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ አንከፍልህም ሳይሆን ከዚያ በላይ አትከፍልም ነው የሚለው። እኛ ከተማ ውስጥ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ከግል ኢንሹራንስ የሚገዙት ሽፋን ግን ጣሪያው ሌላኛው ወገን ላይ ነው። እንበል በዓመት 30,000 ብር ድረስ ይሸፈናል። ለጉንፋን፣ ለታይፎይድ፣ ለአልትራሳውንድ ሠራተኛው ደስ ብሎት ይጠቀማል። የ200,000 ብር ቀዶ ሕክምና የመጣ ቀን ግን 170,000ው የራሱ ነው። ትንሿን ዝናብ የሚከለክል፣ ዶፍ ሲመጣ የሚታጠፍ ጃንጥላ ማለት ነው። መድህን ከምንም በላይ የሚያስፈልገው ለዶፉ ነበር። ሠራተኞች ግን ይህን ሽፋን ይወዱታል፤ ምክንያቱም በየወሩ ያዩታል። እኔም ወጣት እያለሁ እንዲህ ያለ ነበረኝ፤ ታኅሣሥ ላይ «ሳይቃጠል» ብዬ መነጽር ለማሠራት የሮጥኩበት ጊዜ አለ። ሽፋኑ መነጽር አያካትትም ተብዬ ተመለስኩ እንጂ።

እስካሁን ስለ በሽተኛው ኪስ ነው ያወራሁት። የሐኪም ቤቱስ? እዚህ ላይ ባጃጅ ይርዳኝ። ባጃጅን በጉዞ ከከፈልከው ሾፌሩ ጉዞ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ዙሪያውን ይወስድሃል። ልጆችህን ትምህርት ቤት እንዲያደርስ በወር ኮንትራት ከተስማማህ ደግሞ ቶሎ ጥሏቸው ወደ ሌላ ሥራ መሮጥ ነው የሚፈልገው። ሁለቱም ሾፌሮች ክፉ ሰዎች አይደሉም። አከፋፈሉ ነው መሪውን የሚያዞረው። ሐኪም ቤት በእያንዳንዱ ምርመራ ከተከፈለው ምርመራ ይበዛል። በሰው ቁጥር ተሰልቶ በዓመት አንድ ጊዜ ከተከፈለው ደግሞ ማከም ወጪ፣ አለማከም ትርፍ ይሆንበታል። የኛ ማህበረሰብ አቀፍ መድህን በአብዛኛው የሚከፍለው በተሰጠው አገልግሎት ልክ ነው፤ ሒሳቡ ይሠራል፣ ይላካል፣ ይመረመራል፣ ይከፈላል። ክፍያው ሲዘገይ ተቋሙ መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያጥረዋል። መስኮቱ ላይ «የለም» የሚለው ቃል አንዳንዴ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2001 በሰው ቁጥር መክፈልን መረጠች። በሽተኛው በአንድ ጉብኝት 30 ባት ብቻ እንዲከፍል አደረገች፤ ድሃው ለሚታከምባቸው ሆስፒታሎች ደግሞ በጀቱን ከፍ አደረገች። ሁለቱን አንድ ላይ ነው ያደረገችው፤ በሩንም ከፈተች፣ ከበሩ በስተጀርባ ያለውንም ሞላች። በኋላ የተሠራ ጥናት ድሆች ላይ የሕፃናት ሞት መቀነሱን አሳየ። በሩን ብቻ ከፍተህ ውስጡ ባዶ ከሆነ ወረፋ ነው የምታገኘው።

ወረፋ ራሱ ዋጋ ነው። ይህን ደሞዝተኛ ሰው ቶሎ አይረዳውም። እማማ ጤና ጣቢያ የሚደርሱት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ካርድ ክፍሉ ግን የሚከፈተው 2 ሰዓት ላይ ነው። ካርድ፣ ሐኪም፣ ላብራቶሪ፣ እንደገና ሐኪም፣ መድኃኒት መስጫ። ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣሉ። የዚያን ቀን ጉሊቱ አልተዘረጋም ማለት ነው። በመድህን ነፃ የሆነው ሕክምና ግማሽ ቀን ወስዷል። ይህ በየወሩ ለ30 ፍሬ ክኒን ነው።

እዚህ አገር ሌላ መንገድ እንደሚቻል አይተናል። ኤች አይ ቪ ላይ። መድኃኒቱ በመንግሥት ተቋማት ነፃ ነው። ደህና የሆኑ ታካሚዎች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የስድስት ወር መድኃኒት ባንዴ ይዘው መሄድ ጀምረዋል። በዓመት ሁለት ቀጠሮ ብቻ። ክትባት፣ ወሊድ፣ የቲቢ ሕክምናም በመንግሥት ተቋማት ነፃ ነው። ለምን እነዚህ ነፃ ሆኑ? ሰው ሳያመው ወይም ለሌላው ሲል የሚያደርገውን ሕክምና በዋጋ ማባረር እንደማይገባ ስለታመነበት ይመስለኛል። እንግዲህ በዚሁ ሚዛን ግፊትና ስኳርስ? ባይተላለፉም እነሱም አያሙም። እኔ የመድህኑ ሰው ብሆን መጀመሪያ የማረጋግጠው እነዚህ አምስት ስድስት ርካሽ መድኃኒቶች ከመስኮቱ አንድም ቀን እንዳይጠፉ ነው። ከጠፉም ከውጪ በደብተሩ እንዲሰጡ። አንዳንድ ቦታ ይህን ለማድረግ ከመድኃኒት ቤቶች ጋር ውል የሚገቡ አሉ፤ ሥራው ያለው ውሉ ላይ ሳይሆን ሒሳቡ በወቅቱ መከፈሉ ላይ ነው። ለጉንፋን ካርድ የሚከፈል ነገር ቢኖር አልከራከርም። ለአምሎዲፒን ግን እከራከራለሁ።

ሪፈር ላይ ብዙ ሰው ይማረራል፤ «ለምን በቀጥታ ሪፈራል ሆስፒታል ወይም አዳሬ ሆስፒታል አልሄድም?» ይላል። መድህኑ ጤና ጣቢያ ቀድመህ ታይ የሚልህ ትልቁ ሆስፒታል በጉንፋን እንዳይሞላ ነው። ይህ ከገንዘብ የተሻለ ማጣሪያ ነው፤ ቢያንስ የሚያጣራው ሰው ነጭ ጋውን የለበሰ ነው። የሚሠራው ግን ጤና ጣቢያው ውስጥ የሚያይህ ሰውና የሚሰጥህ ነገር ካለ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ፋርማሲው ጋ እማማን እንደገና አገኘኋቸው። ሊገዙ አልነበረም የመጡት። ጤና ጣቢያው መድኃኒቱ ገብቶለታል፤ 30 ፍሬ በደብተራቸው ተሰጥቷቸዋል። ሦስቱን ስትሪፕ ባንኮኒው ላይ ደረደሩና ወዳጄን ጠየቁት።

«አሁን በየቀኑ ልዋጠው ወይስ ላቆየው?»

«በየቀኑ ይዋጡት እማማ።»

«በሚቀጥለው ወር ቢጠፋስ?»

ወዳጄ ወደኔ አየ። እኔም ወደሱ አየሁ። እማማ ትንሽ ጠበቁን። ከዚያ ሁለቱን ስትሪፕ ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩና አንዱን ብቻ እጃቸው ውስጥ አስቀሩ።